የሚያንኰራፋ ሁሉ ደህና ተኝቷል አይባልም

ከአምቦ ተነሥቶ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ወደ እጃጂ በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ አንዱ መንገደኛ እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኰራፋ ሌሎቹ መሣቃቸው የተለመደ ነው። በቤትም ቢሆን «እንዴት ያለ የጣፈጠ እንቅልፍ ነው!» ይባላል። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሲያንቀላፋ የተገኘ ሠራተኛ ግን ስሙ ሰነፍ ነው። እኛ ደግሞ ከሣቁም ከዘለፋውም አስቀድሞ «ይህ ሰው ሌሊት በደህና ይተነፍሳልን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል እንላለን።

ሐኪሞች «ስሊፕ አፕንያ» የሚሉት ሕመም በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን የሚያቋርጥ ነው። በብዙዎች ላይ የሚታየውም የጕሮሮ ጡንቻዎች በእንቅልፍ ላልተው የአየሩን መተላለፊያ ሲዘጉት ነው። ትንፋሹ ለ10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይቆማል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ ሰውነትም ደንግጦ ይባንናል። ሕመሙ በጸናበት ሰው ላይ ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ30 ጊዜ በላይ ይደጋገማል።

ከስኳር በሽታ ጋር ሲገናኝ ነገሩ ይብሳል። ሰውነት በደነገጠ ቍጥር የሚያመነጫቸው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የኢንሱሊንን ሥራ እያሰናከሉ የደሙን ስኳር ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጥና ምግቡን የሚጠነቀቅ ሰው ጧት ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲያገኘው «ምን አጠፋሁ?» እያለ ይጨነቃል። ሌሊት እየተነሣ መሽናቱንም «የስኳሩ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ የትንፋሹም መቋረጥ ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ሐኪሞች ከሁለቱ ሕመሞች አንዱን ባዩ ጊዜ ሌላውንም እንዲያስቡ ያሳሰበው ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የአውስትራልያው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ከባልደረቦቹ ጋር ያስታወቀው መሣሪያ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጕሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ ኤሌክትሪክ ይሻል፤ እጃጂን በመሰሉ ከተሞችም እንደ ልብ አይገኝም። እንግዲህ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነውን? አይደለም። ክብደት የበዛበት ቢቀንስ፣ በጀርባው ሳይሆን በጐኑ ቢተኛ፣ የማታውን አረቄና ጠጅ ቢተው ይጠቀማል። የስኳር መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀንስም፤ አያቋርጥምም።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ምስክር ነው። ሕመምተኛው ተኝቷልና ራሱን አያይም፤ የሚያየው አጠገቡ ያለ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የስኳር ሕመም ያለበትን አባታችሁን ሌሊት አዳምጡት። ማንኰራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ፣ ቆይቶ ታንቆ እንደ ተለቀቀ ሰው ከባነነ፣ ያያችሁትን ይዛችሁ አብራችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ። ወጣት ሹሞችም በሚያንቀላፋው ሠራተኛ ላይ፣ ይልቁንም መኪና በሚነዳው ላይ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት እንቅልፉን ጠይቁት። ሰነፍ የተባለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ለትንፋሹ ሲታገል ያደረ ሊሆን ይችላልና።