መንገዱ ሲዘጋ የሚወስነው ማነው?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ጋር የሚገናኙት በዋናነት በየአቅጣጫቸው ባለ አንድ አንድ ጎዳና ነው፤ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። በእነዚህ ከተሞች ባሉ ፋብሪካዎች ብዙው ሠራተኛ ከግቢው ሳይርቅ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሥራ አስኪያጁና የመምሪያ ኃላፊዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ጠዋት ከአዲስ አበባ መጥተው ማታ ይመለሳሉ። በደህና ቀን ይህ የሰርቪስና የነዳጅ ጉዳይ ብቻ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ማዶ፣ ውሳኔ የሚጠብቀው ሠራተኛ ወዲህ ማዶ ይቀራል። ስለ ቀውስ ጊዜ አመራር ሲነሳ ስለ መሪው ብርታትና እርጋታ አብዝተን እናወራለን። በእኔ እምነት ግን እዚህ ቡድንን ከችግር የሚያወጣው ሌላ ነገር ነው፤ አለቃው በሌለበት ሰዓት ማን ምን መወሰን እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ የተሰጠ ሥልጣን።

ያለፉትን ዓመታት ማየት ይበቃል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ በነበሩት ቀናት ቁጣው ወደ ፋብሪካዎችም ዞረ፤ ሰበታ የሚገኘው ሳይገን ዲማ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በእሳት ተጎዳ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ቡራዩ ውስጥ በተፈጸመው ጥቃት ሰዎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለው አዲስ አበባ ውስጥ በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ደግሞ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። የእነዚህ ሁነቶች መነሻ የተለያየ ነው፤ እዚህም ልመዝነው አልሞክርም። ለአንድ የሥራ ቡድን ግን መልካቸው ይመሳሰላል፤ መንገድ ይዘጋል፣ መረጃ ይቋረጣል፣ ወሬ ይበዛል። በቴሌግራም ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ድርጅት በዚያ ሰዓት አመራር የለውም።

በሌሊት ፈረቃ ላይ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እናስብ። ቦይለሩ እየሠራ ነው፤ ማቅለሚያ ውስጥ የገባው ጨርቅ ሳያልቅ ቢቆም ይበላሻል፤ መፍተያ ክፍል ውስጥ ወጣት ሴቶች በየማሽናቸው ቆመዋል። ከአጥሩ ውጭ ጩኸት ይሰማል። የፈረቃ ኃላፊው ማሽን ለማቆም የምርት ክፍሉን፣ ሠራተኛ ለመልቀቅ የሰው ኃይል አስተዳደሩን ማስፈቀድ አለበት። ጥበቃው የተፈረመበት የመውጫ ወረቀት ሳያይ በሩን እንዳይከፍት ታዟል። ፈራሚው አዲስ አበባ ነው፤ ስልኩ አይነሳም። የፈረቃ ኃላፊው ሠራተኛውን ቢለቅ ለተበላሸው ጨርቅ፣ ባይለቅ ለሰው ሕይወት ሊጠየቅ ነው። ስለዚህ ይጠብቃል፤ ጥበቃውም እሱን ይጠብቃል። ይህን በግለሰቡ ፈሪነት ላይ ማላከክ ስህተት ነው፤ አሠራሩ ራሱ እንዲጠብቁ ያስገድዳቸዋል።

የተሻለውን አሠራር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ሲያልፍ፣ የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም አደጋው በደረሰበት ስፍራ ቆመው የታዩበት ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታየ። ሰው የሚያስታውሰው ያንን ነው፤ መሪ በስፍራው መገኘቱም ትልቅ ነገር ነው። ግን የአቪዬሽን ሙያ የመሪን መገኘት ብቻ ተማምኖ አይቀመጥም። አየር መንገዶች ለአደጋ ጊዜ የሚሠሩበትን ዕቅድ አስቀድመው ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለም የመጨረሻው ውሳኔ በስፍራው ያለው የዋና አብራሪው ነው፤ ቢሮ ደውሎ እስኪፈቀድለት አይጠብቅም።

አንድ ፎርማን ሐሰተኛ ወሬ ሰምቶ ፋብሪካውን ቢያቆምስ የሚሉ ይኖራሉ። አዎ፣ አንድ ቀን ይሆናል። የአንድ ፈረቃ ምርት ኪሳራ ግን በብር ይሰላል፣ ይተካልም። ሥልጣኑም ወሰን አለው፤ ማሽን ማቆም፣ ሠራተኛ መልቀቅ፣ በር ማስከፈት፣ ለመጓጓዣ የሚሆን ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት፤ ከዚህ አያልፍም። ጸጥታ የመንግሥት ሥራ ነው፣ የተቆጣን ሕዝብ የመለሰ የፋብሪካ ቡድን የለም የሚለውንም እቀበላለሁ። በ2009 ዓ.ም. የተቃጠለውን ንብረት የትኛውም የአመራር ብልሃት ባላዳነው ነበር። በቡድኑ እጅ ያለው ግን ሠራተኛው በሰላም መውጣቱ፣ በማግስቱም የት እንደሚሰበሰብና ደመወዙ ምን እንደሚሆን ማወቁ ነው። ሥራው የቆመበት ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የቤት ኪራዩን ከምን እንደሚከፍል ነው፤ የዚህን መልስ በማግስቱ የሚነግረው ሰው ካጣ ወሬውን ያምናል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ፣ በችግር ጊዜ ትእዛዝ ከአንድ ሰው መውጣት አለበት፣ ወሳኝ ከበዛ ትርምስ ይመጣል የሚለው ነው። እውነት ነው። እኔም ኮሚቴ ይቋቋም አላልኩም። በየፈረቃው አንድ ስም፣ እሱ ከሌለ የሚተካው ሁለተኛ ስም ይኑር ነው የምለው። ዛሬ ያለው አደረጃጀት አንድ አዛዥ አለው፤ ችግሩ አዛዡ በሌሊት ከተማው ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ወረቀቱ ብቻ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ የወሰነ ሰው ይገመገማል፣ የጠበቀ ሰው አይጠየቅም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት ሕይወቱን ከሚያሰጋ የሥራ ሁኔታ በበቂ ምክንያት የወጣን ሠራተኛ ካልተገባ ቅጣት ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ ሌሎችን ያስወጣውን የፈረቃ ኃላፊ፣ በሩን የከፈተውንም ጥበቃ በግልጽ ማካተት አለበት። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ድርድር አንድ አንቀጽ ማስገባት ይችላሉ። ሦስቱ ከተሞች አሁን የሚገኙበት የሸገር ከተማ አስተዳደርም የእያንዳንዱን ፋብሪካ የሌሊት ወሳኝ ስምና ስልክ መዝግቦ ይያዝ፤ ዝርዝሩ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይታደስ፣ አንድ ቅጂውም በየጥበቃ ቤቱ ይለጠፍ።