የኢፍጣሩ ጀበና እና የዶላሩ ሒሳብ

ረመዳን ሲገባ በየቤታችን ከሳምቡሳው ዱቄትና ከተምሩ ጎን ለጎን ወጪ የሚጨምሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ቡናና ቅመም። ቀኑን ሙሉ የጾመ የቡና ሱሰኛ መግሪብ እስኪደርስ ራሱን ሲያመው ይውላል፤ ከተራዊሕ ሲመለስ ደግሞ ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበት ሻይ ይጠብቃል። በ2017 ዓ.ም ረመዳን ዋጋ ጠይቀው የተመለሱ እናቶች ታዲያ አንድ ጥያቄ ያነሱ ነበር። ቅመሙስ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ የራሳችን ቡና ምን ሆኖ ነው አብሮት የሚወደደው?

መልሱ ያለው ዶላሩ ጋ ነው። እኛ አገር ቡና ይወጣል እንጂ አይገባም። ቅርንፉድ የኢንዶኔዥያና የዛንዚባር፣ ሄል የጓቲማላና የህንድ ምርት ነውና በውጭ ምንዛሬ ይገዛል። ለዓመታት ግን እነዚህ ሁለት ንግዶች የሚገናኙበት አንድ ቦታ ነበር፤ የነጋዴው ኪስ። ከባንክ ዶላር ማግኘት ጭንቅ በመሆኑ፣ ብዙዎች ቡና የሚልኩት በቡናው ለማትረፍ ሳይሆን ዶላሩን ለማግኘት ነበር። ቡናውን እዚህ በውድ ይገዛሉ፣ እዚያ በኪሳራ ይሸጣሉ፣ የጎደለውን በሚያስመጡት ዕቃ ላይ ያካክሳሉ። የቡናውን ኪሳራ ሲከፍል የኖረው ሸማቹ ነው ማለት ነው፤ ያውም ሳያውቀው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የብሩ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በ2017 ዓ.ም ረመዳን ከ120 ብር በላይ ሆኖ ነበር። አስመጪው ድሮም ከጥቁር ገበያ በሚገዛው ዶላር ሒሳቡን ሲሠራ ስለቆየ፣ በእኛ አስተያየት ቅመሙ በዚያው ልክ እጥፍ የሚሆንበት ምክንያት የለም። «ዶላር ስለጨመረ ነው» የሚለውን መልስ ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። የቡናው ነገር ግን ይለያል። ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ጨምሯል፤ በዚያ ላይ በ2017 ዓ.ም የካቲት ወር መጀመሪያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ፓውንድ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነው። ለጀበናችን የሚሆነው ቡና ከዚህ ዋጋ ጋር ይሻማል። ለዓመታት በቆየው አሠራር ደግሞ ጥሩው ለውጭ ተመርጦ፣ ከደረጃ በታች የሆነው ለአገር ውስጥ ይቀራል። ውድ ከፍለን የተመረጠበትን እንጠጣለን።

ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ ከማን እንደምንገዛ ሌላ ነው። አራዳ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በነበረበት ዘመን ህንዳዊው የመሐመድ አሊ ድርጅት ቡና ይልክ፣ የውጭ ሸቀጥ ያስገባ ነበር። እ.ኤ.አ በ1937 ጣሊያን አባረረው፤ ገበያውንም ወደ መርካቶ አዛወረው። ቡናው ግን ከፒያሳ አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ በ1953 የተከፈተው ቶሞካ ቡና መቁላቱን ቀጠለ፣ በየመንደሩም ቅመም መዝነው የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ረመዳን ሲገባ በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ይፈርስ ነበር። ከኑር መስጊድ ሶላት ሰግዶ ሲወጣ ከለመደው ሱቅ ቅመሙን አሽትቶ ይገዛ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ ከከተማዋ ዳር ነው ያለው። ባለሱቁም የት እንደገባ አያውቅም። አዲሱ ሰፈር ቤቱ ሊያምር ይችላል፤ ደንበኝነት ግን ከቤት ዕቃ ጋር ተጭኖ አይሄድም።

ደንበኛው ሲጠፋ በላስቲክ የታሸገ የተፈጨ ቅመም ይገዛል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይበረታል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ አፈር፣ ቁንዶ በርበሬ ውስጥ የደረቀ የፓፓያ ፍሬ መቀላቀል የታወቀ ማጭበርበር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከላይ ደረቅ በሆነው የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ነጋዴ ያለ አይመስለንም። ገዢውም እጁን ማስገባት አለበት። ቀረፋውን በእንጨቱ፣ ቅርንፉዱንና ቁንዶ በርበሬውን በፍሬው ገዝቶ ቤት መውቀጥ ይሻላል። ቁንዶ በርበሬውን ውኃ ውስጥ ጨምሩት፤ ደህናው ይሰጥማል፣ የፓፓያው ፍሬ ይንሳፈፋል። ቡናም ቢሆን በጥሬው ታይቶ፣ ድንጋዩና የተሰበረው ተለቅሞ ቢቆላ ይመረጣል።

ለሻይ ደግሞ ሄል የግድ አይደለም። ከጓቲማላ በዶላር የሚመጣው ሄል ዘመዱ የሆነው ኮረሪማ ከእኛው ደቡብ ምዕራብ ጫካ ይገኛል። ጣዕሙ ያው አይደለም፤ ኮረሪማው ለቡናውም ለሻዩም ይሆናል። ከነቅርፊቱ ግዙት፤ የተፈለፈለው መዓዛው ቶሎ ይጠፋል።