አቦቦ የቅርብ እንደራሴዋን መቼ ትመርጣለች?

ስለ ሕዝብ ውክልና በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚጀመረው ከአዲስ አበባ፣ የሚያልቀውም እዚያው አዲስ አበባ ነው። ማን ስንት ወንበር አገኘ? ማንስ ተነፈገ? እኛ ግን ዛሬ የአንባቢን ዐይን ወደ አንዲት የጋምቤላ ወረዳ፣ ወደ አቦቦ፣ ለመመለስ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመርምር። የጋምቤላ ክልል 547 ወንበር ላለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልከው 3 ሰው ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «በደል ነው!» ይል ይሆናል። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ያህል ነበር። ስለዚህ አንድ ወንበር ለ100 ሺህ ሰው ያህል ይደርሳል ማለት ነው፤ በአገሪቱ በጠቅላላው ግን ለ135 ሺህ ያህል ነበር። እንግዲህ በቁጥር በኩል ጋምቤላ ተበደለች ለማለት አንደፍርም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው።

ጉድለቱ ከታች ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። ሆኖም በአገሪቱ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነበር። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ሲያልቅ ምርጫው ተላለፈ፤ በ2011ም እንደ ገና ተላለፈ። በሰኔ 2013 አጠቃላይ ምርጫ ሲደረግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ፤ የወረዳና የቀበሌ ሣጥን ግን አልቀረበም። እስከ 2017 መጨረሻም አልቀረበም። እኛ በ2005 ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስለ ሎክና ስለ ሩሶ እንፈተናለን፤ ለገዛ ወረዳችን ምክር ቤት ግን አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ ሰጥተን አናውቅም።

ይህ በአቦቦ ላይ ለምን ይከብዳል? ወረዳዋ የአኝዋክ ሕዝብ አገር ናት። በ1977 በድርቁ ምክንያት ከሌላ ክፍለ ሀገር በሠፈራ የመጡ ገበሬዎችም ልጅ ወልደው፣ ማሳ አቅንተው ኖረውባታል። በደርግ ዘመን የተሠራው የአልዌሮ ግድብ የሚገኘው እዚያው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሳዑዲ ስታር በዚሁ ውሃ ሩዝ ለማልማት 10 ሺህ ሄክታር መሬት ተከራየ። በዚያው ሰሞን የመንደር ማሰባሰቡ መጣ። ሠፈራውም ግድቡም ኪራዩም መንደር ማሰባሰቡም የታቀዱት ከአቦቦ ውጭ ነው። ከአልዌሮ ውሃ ለትንሹ ገበሬ ስንት ይድረስ? ነባሩና ሠፋሪው የመሬት ጠባቸውን በማን ፊት ያቅርቡ? ይህን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ እንደራሴ፣ ቅን እንኳ ቢሆን፣ በየቀኑ ሊሰማ አይችልም።

«የ2005ቱ ምርጫ ምን ፈየደ? ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወንበሩን ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ያዙት» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ዳቦው አረረ ተብሎ ምድጃው አይፈርስም። ሌሎች ደግሞ «በጋምቤላ ምርጫ ጠብ ያስነሣል» ይላሉ። በዚያ ምድር ደም መፍሰሱን አንክድም፤ የታኅሣሥ 1996ቱን እልቂት የረሳ የለም። ግን ያ የሆነው ምርጫ ስለ በዛ ነውን? አቤቱታውን የሚናገርበት ሸንጎ ያጣ ሰው አይደለምን ወደ ጦሩ የሚያየው?

በበኩላችን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ቀኑ ተቆርጦ ይነገር፤ ቀን የሌለው ተስፋ ተስፋ አይባልም። ሁለተኛ፣ የምርጫ ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአኝዋክኛና ሠፋሪው በየቤቱ በሚነጋገርበት ቋንቋ ይሰጥ። ሦስተኛው ለራሳችን ነው፤ ለዕረፍት ወደየወረዳችን ስንመለስ ወረዳ ምን ሥልጣን እንዳለው፣ በጀቱን ማን እንደሚያጸድቅ ለወላጆቻችንና ለጎረቤቶቻችን እናስረዳ። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ አባቶቻችን። አቦቦ ሦስቱን የሩቅ ዘመዶች አልጠላችም፤ የቅርቡን ጎረቤት ግን ራሷ መምረጥ ይገባታል።