የኤሌክትሪክ መኪና ሒሳብ ሊማሊሞን ይወጣል?

የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱና አብረን እናስላ። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ የቤት መኪና፣ በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን በወጣው የ101.47 ብር ዋጋ፣ 812 ብር ገደማ ይበላል። የኤሌክትሪኩ ለዚያው መንገድ 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈልግ፣ አንዱን ሆን ብለን አስወድደን 10 ብር ብንለው እንኳ 180 ብር ነው። ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት!

አሁን ዛሪማ ላይ ሆነን እንየው። ወደ ደባርቅ ለመውጣት ሊማሊሞ አለ። ዳገቱ ያን ያህል አያስፈራም፤ አንድ ተኩል ቶን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ የሚጨምረው 5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። በእኛው ስሌት 50 ብር መሆኑ ነው። ቁልቁል ሲመለስም የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ችግሩ ሌላ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ፣ በውድም ቢሆን፣ በሃይላንድ የሚሸጥ አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ ግን በሃይላንድ ቀድቶ የሚሸጥልህ የለም። ቆጣሪው የአከራይህ ከሆነ ደግሞ ማታ ማታ መኪና ልሰካ ብትለው መልሱን ታውቀዋለህ።

መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለክል ሒሳቡ ልክ ነበር። ግን ርካሹ 180 ብር የሚሠራው የራሱ ቆጣሪና የማይቆራረጥ መስመር ላለው ሰው ነው። ለዛሪማ ከመኪናው በፊት መስመሩ ይቅደም።