የሰው ማሳ፣ የሁሉም መንገድ

ሼፊልድ፣ እንግሊዝ። ሰኞ ጠዋት። የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ ታደርግና «ቅዳሜና እሁድን የት የት ሄዳችሁ?» ብላ በየተራ ትጠይቃለች። አንዱ «ተራራ ወጣን» ይላል። አንዷ «ሐይቅ ዳር ዳክዬ አየን» ትላለች። የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የሰባት ዓመት ልጅ ተራው ሲደርስ «የትም» ይላል። በሚቀጥለውም ሰኞ «የትም»። በሦስተኛው ሰኞ ዋሸ። «ባሕር ዳርቻ ሄደን ዋኘን» አለ። ወሩ ኅዳር ነበር።

ነገሩ እናት ጆሮ የደረሰው ወላጆች ከመምህራን ጋር በሚገናኙበት ቀን ነው። መምህርቷ እየሳቀች «በዚህ ብርድ መዋኘታችሁ፣ ደፋር ቤተሰብ ናችሁ!» ስትላት እናት የምትመልሰው ጠፋት። ልጇ የዋሸው ስላፈረ መሆኑ ግን ወዲያው ገባት።

ቤተሰቡ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እናት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ተንከባካቢ ናት፤ አባት መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራል። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። የጋራቸው ቀን እሁድ ብቻ ናት። እሷም ጠዋቷ ለቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓቷ ለእንቅልፍ ነው። ክርስትና ወይም ለቅሶ ካለ ደግሞ ወደዚያው ይኬዳል።

ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ «መውጣት» ማለት ወደ ሰው መሄድ ነው። አክስት ትጠየቃለች፣ አራስ ትታያለች፣ ሐዘንተኛ ይጽናናል። ማንም ወደማይጠብቅበት ኮረብታ ልጆች ይዞ መውጣት የሥራ ፈት ነገር ይመስላል። እንግሊዞች ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እሁድ ከሰዓት፣ ዝናብ እያካፋ እንኳ፣ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ሳንድዊች ቋጥረው ይወጣሉ። የሚሄዱት ወደ ሰው አይደለም፤ ወደ ቦታ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቤተሰብ በወር ሁለት እሁድ ለልጆቹ ሊሰጥ ወሰነ። የአባት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ይፈጃል?» የሚል ነበር።

የአውቶቡስ ብቻ ነበር የሚፈጀው። ከሼፊልድ ከተማ አስተዳደር ክልል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ፒክ ዲስትሪክት የተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። መግቢያ በር የለውም፤ ትኬት ቆራጭም የለውም። ምሳ በምሳ ዕቃ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዞ መሄድ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞ ቤተሰቡ ከአውቶቡስ ወርዶ ጥቂት እንደተራመደ መንገዱ አንድ የእንጨት በር ጋ ደረሰ። ከበሩ ወዲያ የገበሬ ግጦሽ ነው። በጎች ተሰማርተዋል፤ የገበሬው ቤት ከነጭስ ማውጫው ይታያል። በሩ ላይ ቢጫ ቀስት የተሳለባት ትንሽ ምልክት ተለጥፋለች። አባት ቆመ። «የሰው ማሳ ነው። ውሻም ይኖራል። ሳናስፈቅድ አንገባም» አለ። በደንብ ያደገ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ልጁ ግን ምልክቷን እያየ «አባዬ፣ ቀስቱ እኮ እለፉ ነው የሚለው» አለው። እነሱ ሲከራከሩ አንዲት አሮጊት ከነውሻቸው መጥተው በሩን ከፈቱና አልፈው፣ እነሱም እንዲያልፉ ይዘው ጠበቁ። ቤተሰቡ አንገቱን እንዳቀረቀረ በሰው ማሳ መካከል አለፈ። ማንም አልጮኸም። ገበሬው ከሩቅ እጁን አውለበለበ።

የቢጫዋ ቀስት ትርጉም ይህ ነው፤ መሬቱ የሰው ነው፣ መንገዱ ግን የሁሉም ነው። ባለመሬቱ ማረስ፣ ማሰማራት፣ መሸጥ ይችላል፤ በላዩ የሚያልፈውን የእግር መንገድ መዝጋት ግን በሕግ አይችልም። በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያለው የማለፍ መብት ያለበት መንገድ ሲደመር ወደ 225 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እያንዳንዱ መንገድ የአካባቢው አስተዳደር በሚይዘው ካርታ ላይ ሰፍሯል፤ ካርታውም ፍርድ ቤት ፊት ማስረጃ ነው።

ይህን የሰማ አበሻ ብዙ ጊዜ «ፈረንጅ ሥልጡን ነው» ብሎ ያልፋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። መንገዱን የከፈተው የባለርስቶች ደግነት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሕዝብ በጋራ ሲያሰማራበትና እንጨት ሲለቅምበት የኖረ መሬት ፓርላማ ባወጣቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሕጎች እየታጠረ ለግለሰቦች ተሰጥቷል። ከመሬቱ የተነቀለው ገበሬ ወደ ማንቸስተርና ሼፊልድ ፋብሪካዎች ጎረፈ። የልጅ ልጆቹ ጭስ ሲተነፍሱ ሰንብተው እሁድ ተራራውን ቀና ብለው ሲያዩ፣ ተራራው የመሳፍንት የወፍ ማደኛ ሆኗል። ለሠራተኛው በሩ ዝግ ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1932 እ.ኤ.አ. በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች፣ ኪንደር ስካውት የተባለውን ተራራ ክልከላውን ጥሰው ወጡ። መሪያቸው ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት የማንቸስተር ልጅ ነበር። ከባለርስቱ ጠባቂዎች ጋር ግብግብ ተፈጠረ፤ አምስት ወጣቶች ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታሰሩ። ቀኑ እሁድ ነበር። የእነሱም የዕረፍት ቀን ያቺው አንዲቷ እሁድ ነበረች።

ያ ጉዞ ብቻውን ሕግ አላወጣም። ከእሱ በፊትም በኋላም ለዓመታት የጮኹ ነበሩ። በ1949 እ.ኤ.አ. ግን ብሔራዊ ፓርኮችን የሚያቋቁምና የእግር መንገዶች በካርታ እንዲመዘገቡ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በ1951 ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ተራራማና ያልታረሰ ገላጣ መሬት ላይ ከመንገዱ ወጥቶ መራመድንም ፈቀደ። በ2002፣ የዚያ ጉዞ 70ኛ ዓመት ሲከበር፣ የያኔው ባለርስት የልጅ ልጅ የሆኑት መስፍን በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ።

ትግሉም አላበቃም። በእንግሊዝ ያለ ገደብ የሚራመዱበት መሬት አሁንም ከአገሪቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። በዳርትሙር ድንኳን ተክሎ የማደር መብት በባለርስቶች ክስ ተነሥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል፤ ፍርድ ቤቱ በ2025 እ.ኤ.አ. ለሕዝቡ ፈረደ። ካልጠበቁት መንገድም ይዘጋል።

እንግሊዝ ሁሉ ነገር ሞልቶላታል ማለትም አይደለም። እናት በምትሠራበት ቤት ያሉ አንድ አረጋዊ የዚያን አካባቢ ተራራ በሙሉ በእግራቸው ያውቁታል። ፎቶግራፎቹ ግድግዳቸው ላይ ተደርድረዋል። እሁድ እሁድ ግን የሚጠይቃቸው የለም። ብቸኝነት በአገሪቱ ከባድ ችግር በመሆኑ መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን የሚከታተል ሚኒስትር እስከ መሰየም ደርሷል። እናት አንድ እሁድ ማታ ከጉዞ ሲመለሱ ለባሏ «እነዚህ ሰዎች መሄጃ አላቸው፤ መጪ ነው የሌላቸው» አለችው።

ቤተሰቡ ሁለት ዓመት ቆጥቦ በታኅሣሥ አዲስ አበባ ገባ። ልጆቹ ሽርሽር ለምደዋልና በመጀመሪያው እሁድ «ዛሬስ የት ነው?» አሉ። አያት፣ ሁለት አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ በድምሩ አሥራ አንድ ሰው ወጣ።

አንዱ ቦታ መግቢያ ይከፈላል፤ የአሥራ አንድ ሰው ሲታሰብ አክስቶች እርስ በርስ ተያዩ። ሌላው ቦታ ሣር አለው፤ ሣሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ያዘዘ ነው። ሦስተኛው ቦታ ጥበቃው በትሕትና «እማማ፣ እዚህ መቆም አይቻልም፤ ይለፉ» አላቸው። በመጨረሻ በኮሪደር ልማቱ ከተሠሩት አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች በአንዱ ዳር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ አያት ተቀመጡ። እውነቱ ይነገር፤ ደስ አላቸው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማንም ገንዘብ አልጠየቃቸውም። እንዲህ ያለው ሥራ ሊመሰገን ይገባል። አያት ግን ጥቂት ቆይተው ዙሪያውን አዩና «እዚህ የነበሩት ሰዎች ወዴት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ። ከቤተሰቡ የመለሰላቸው የለም።

ሲመለሱ አባት ኳስ የተጫወተበትን የሰፈር ሜዳ ለልጁ ሊያሳየው ወሰደው። ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። ልጁ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቆ «ቢጫ ቀስቱ የት ነው?» አለ።

የልጁ ጥያቄ ቀልድ ይመስላል እንጂ የከተማ አስተዳዳሪዎች ሁሉ ሊመልሱት የሚገባ ነው። ነገሩን እናወዳድረው። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው መሬት የግል ነው፤ ሆኖም መንገደኛው በሰው ማሳ መካከል በኩራት ያልፋል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሆኖም የዚያው ሕዝብ ልጅ ኳስ የሚያንከባልልበት መሬት ያጣል። በወረቀት ሁሉም የሁሉም ነው፤ መሬት ላይ ሲወረድ «ይህ የእኛ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ካርታ የሰፈሩ ሰው እጅ ውስጥ የለም። ባለቤቱ ሁሉም የሆነ ነገር፣ ጠያቂ ከሌለው፣ ቆርቆሮ ቀድሞ ላቆመው ነው።

ጃን ሜዳን አስቡ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ። ችግር ነበርና ማንም አልፈረደም። የ2013ቱ ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ጸዳ። ጃን ሜዳ ጥምቀት ስላለው ተጠየቀለት። የሰፈር ሜዳ ግን ታቦት አያድርበትም፤ ማን ይጠይቅለት?

«ሕዝቡ ዳቦ ሳያገኝ ስለ ሽርሽር ይወራል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ኪንደር ስካውትን የወጡት ወጣቶች የ1930ዎቹ ሥራ አጥነት ያደቀቀው ትውልድ ልጆች ነበሩ። ገንዘብ ያለው ሰው መዝናኛ አያጣም፤ ሆቴል ይገባል፣ ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ይወርዳል። ነጻ ቦታ የሚያስፈልገው ገንዘብ የሌለው ነው። በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ ሜዳው ሳሎኑ ነበር። «ፓርክ ወጪ አለው፤ መግቢያ ካልተከፈለ በምን ይያዛል?» የሚሉም አሉ። ለጀልባው፣ ለእንስሳት ማያው፣ ለመኪና ማቆሚያው ይከፈል። ሣሩ ላይ ለመቀመጥ ግን መክፈል የለበትም።

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ወረዳ በክልሉ ያሉትን ሜዳዎች፣ የወንዝ ዳር መተላለፊያዎችና የእግር መንገዶች መዝግቦ ካርታውን ነዋሪው በሚያየው ቦታ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ ከተመዘገበው አንዱ እንኳ ለሌላ አገልግሎት ሲታሰብ ነዋሪው አስቀድሞ ይነገረው፣ ይቃወም ወይም ይስማማ፣ የተወሰደውም በዚያው አካባቢ ይተካ። ሦስተኛ፣ ሰፈር ሲነሣ የሚቆጠረው ቤትና አጥር ብቻ አይሁን። ሜዳውም፣ እናቶች ቁጭ ብለው የሚያወጉበት ጥላም ሀብት ነው። ሰዎቹ በሚሄዱበት አዲስ ሰፈር ከመጸዳጃና ከውኃ እኩል ሜዳ ይጠበቅላቸው።

ቤተሰቡ ወደ ሼፊልድ ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት መምህርቷ እንደ ልማዷ ጠየቀች፤ ልጁም ተራው ደረሰ። አልዋሸም። «አያቴ ቤት ነበርን። እሁድ ሃያ ሰው መጣ» አለ። ክፍሉ በመገረም ዝም አለ። መምህርቷ «የማን ልደት ሆኖ ነው?» አለችው።

«የማንም አይደለም። እሁድ ስለሆነ ነው» አለ ልጁ። ከዚያም ጥቂት አሰብ አድርጎ «ግን መጫወቻ አልነበረንም» ብሎ ጨመረ።