ጊታር በሦስት ወር፦ ሦስት ወሩ ምን ይዟል?

አዲስ አበባ ውስጥ የግል ሙዚቃ ማሠልጠኛ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው «ጊታር በሦስት ወር» የሚለውን ተስፋ ያውቀዋል። አንዳንዱ ሁለት ወር ይላል፤ አንዳንዱ ሰርተፍኬት ይጨምርበታል። ስልክ ቁጥሩ በጉልህ ተጽፏል፣ መመዝገቢያው ቀን ተጠቅሷል። ተማሪው ሦስት ወሩን ሲጨርስ ምን መጫወት እንደሚችል ግን አልተጻፈም። ከማን ጋር ይጫወታል? በየትኛው ቅኝት? ይህ ካልታወቀ ሦስት ወር ይበቃል ያለው ማን ነው? በምን ለክቶ?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት ቢባል 36 ሰዓት ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ አሥር ልጆች ካሉ የመምህሩ ጆሮ ለአንዱ ልጅ በሰዓት ስድስት ደቂቃ ይደርሰዋል። የሦስት ወሩ ድምር ሦስት ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። ወላጅ የከፈለው ለዚህ ነው። ታዲያ ማስታወቂያው ለምን በወር ይቆጥራል? ሰዓቱን ለምን አይነግረንም? ልጁ ቤቱ ጊታር ከሌለውስ? ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጣቶቹ ምን ሲሠሩ ይከርማሉ? እኔ እስከማውቀው ሲመዘገብ ይህን የሚጠይቀው ሰው የለም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ «10,000 ሰዓት ካልተለማመድክ አትችልም» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ በየማነቃቂያ ንግግሩ ይጠራል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በምዕራብ በርሊን የሙዚቃ አካዳሚ የሚማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾችን ያጠኑበትን ውጤት አሳተሙ። ምርጥ የተባሉት ተማሪዎች 20 ዓመት እስኪሞላቸው ብቻቸውን የተለማመዱት ሰዓት በአማካይ ከ10,000 በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ማልኮም ግላድዌል «አውትላየርስ» በተባለው መጽሐፉ ይህን አማካይ ሕግ አደረገው። ኤሪክሰን ራሱ አልተቀበለውም። አማካይ ከሆነ ከምርጦቹ መካከል ከዚያ በታች የተለማመዱ ብዙ ነበሩ ማለት ነው፤ ደግሞም እሱን ያሳሰበው ጉድለትን ለይቶ ለማረም የዋለው ጊዜ ነው፣ ዝም ብሎ ሲጫወቱ የዋሉበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሩክ ማክናማራና ሜጋ ማይትራ ጥናቱን ደግመው ሲሠሩት ደግሞ «ምርጥ» እና «ጥሩ» የተባሉት ቫዮሊን ተጫዋቾች የልምምድ ሰዓታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ማታ ከሥራ ሲመለስ አንድ ሰዓት ለሚለማመድ የባንክ ሠራተኛ «27 ዓመት ይቀርሃል» ብሎ መንገር ምን ይፈይድለታል? እሱ የፈለገው በዓለም መድረክ ላይ ብቻውን መቆም ነው ወይስ በእህቱ ሠርግ አንድ ዘፈን ማጀብ?

ሦስት ወር ያለውም 10,000 ሰዓት ያለውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይነግሩንም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም የሚሻሻለውም እዚያ ውስጥ ነው።

ከጂ ኮርድ ወደ ዲ የሚሸጋገር ጀማሪን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስቱ ጣቶች አንድ ላይ ይነሣሉ። አንዷ ጣት ቦታዋን ስታገኝ ሌሎቹ ገና አየር ላይ ናቸው። ቀኝ እጅ ቆሞ ግራውን ይጠብቃል፤ ምቱ ይሰበራል። የግራ አውራ ጣት የጊታሩን አንገት ጨምድዶ ስለያዘ ሌሎቹ ጣቶች እንደልብ አይዘረጉም። ልጁ ምን ያደርጋል? ዘፈኑን ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። እዚያው ቦታ ሲደርስ ያው ምት እንደገና ይሰበራል። እንዲህ እያለ ግማሽ ሰዓት ከቆየ የተለማመደው መሰናከሉን ነው። ጥሩ መምህር አጠገቡ ቢቀመጥ ዘፈኑን ያስተወዋል፤ ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ላይ አድርጎ፣ አውራ ጣቱን አስላልቶ፣ ሁለቱን ኮርዶች ብቻ አሥር ደቂቃ ያመላልሰዋል። ያቺ አሥር ደቂቃ ከግማሽ ሰዓቱ ትበልጣለች። ለአንድ ልጅ ስድስት ደቂቃ ያለው መምህር ግን ይህን መቼ ያያል? መቼስ ያርማል?

ጊታሩስ? ርካሽ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ከአንገቱ ርቆ ነው የሚመጣው። አኮስቲክ ጊታር 12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል አካባቢ ሲሆን ለእጅ ይመቻል። አራት ሚሊ ሜትር ከደረሰ ኤፍ ኮርድን በባሬ፣ ማለትም በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ ተጭኖ መያዝ ለጎልማሳ እጅ እንኳ ሥቃይ ነው። የ12 ዓመት ልጅ በዚህ ጊታር ላይ ሁለት ሳምንት ታግሎ «ጣቴ አይሆንም» ብሎ ይመለሳል፤ ቤተሰቡም «ተሰጥኦ የለውም» ብሎ ይደመድማል። ለመሆኑ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት የተማሪውን ጊታር ተቀብሎ የክሩን ከፍታ የሚለካ ማሠልጠኛ አለ? አስተካካይ ባለሙያ ጋ ቢላክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የፌንደር ጊታር ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት አንዲ ሙኒ ከጀማሪዎች 90 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት እንደሚያቋርጡ በአደባባይ ተናግረዋል። ጊታር የሚሸጥ ኩባንያ ይህን ካመነ፣ ጊታር የሚያስተምረው ስንት ተማሪ እንደሚያቋርጥበት ለምን አይናገርም? ስንት ተመዝግበው ስንት ጨረሱ? ከጨረሱትስ ስንቱ ዛሬም ይጫወታሉ?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የእኛ ተማሪ ጊታር ቻለ የሚባለው ምን ሲጫወት ነው?

ትዝታ ሜጀርን እንውሰድ። ድምፆቹ አምስት ናቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ፋ የለም፤ ሲም የለም። ከውጭ ከመጣ የጀማሪ መጽሐፍ የሚማር ልጅ በመጀመሪያው ወር የሚይዛቸው ሦስት ኮርዶች ደግሞ በዶ፣ በፋ እና በሶ ላይ የቆሙ ናቸው። በፋ ላይ የቆመው ፋን ይዞ ይመጣል፤ በሶ ላይ የቆመው ሲን ይዞ ይመጣል። ዘፋኟ በዜማዋ ያልነካቻቸውን ሁለቱን ድምፆች ጊታሩ በየመሐሉ ያስገባባታል። ይህን አውቀው፣ መርጠው የሚያደርጉ ባንዶች አሉ፤ ሲያምርላቸውም ሰምተናል። ተማሪው ግን ምን እንደጨመረ ያውቃል? የነገረው አለ? አምባሰል ሲመጣስ፣ ከዶ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብላ የምትቀመጠውን ድምፅ በየትኛው ኮርድ ሊያጅባት ነው? ባቲና አንቺሆዬ በስም ከመጠራት አልፈው ጣቱ ላይ መቼ ይደርሳሉ?

ምቱም እንዲሁ ነው። በየክፍሉ መጀመሪያ የሚሰጠው «ታች፣ ታች፣ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ» በአራት የሚቆጠር ምት ነው። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚሄደው። ልጁ በሠርግ ቤት ጊታሩን አንሥቶ ያንን ብቻ ቢመታ፣ ለእስክስታ የተነሣው ትከሻ ምኑን ይያዝ? የክራር ተጫዋቾች ግርፍና ድርደራን ለይተው የሚያስተምሩበት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲወርድ የመጣ ዕውቀት እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ክራር ደርዳሪ የጋበዘ የጊታር ክፍል ስንት ይሆናል? እኔ ይህን እንደ ጌጥ አላየውም። ትዝታን ማጀብ የማይችል ልጅ እናቱ የምትዘፍነውን ማጀብ አይችልም።

ከእኛ መካከል ጊታርን እንዲናገር ያደረጉት እንዴት ቻሉ ብለንስ ጠይቀናል? ሰላም ስዩም ወልደማርያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ታሪክ ነው። ጊታሩ ግን በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ውስጥ የአንድ ዘመን ድምፅ ሆነ። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ጋር የቀረጸውን «እሬ መላ መላ» የሰማ ሰው ጊታሩ ከዘፋኙ ሥር ገብቶ እንዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በዚያ ዘመን ባንድ ማለት የሆቴል ሥራ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወቱበት ጊዜ ነበር። ዘፋኝ ይለዋወጣል፣ ቶኑ ይለዋወጣል፣ ቅኝቱ ይለዋወጣል፤ ጊታር ተጫዋቹ እዚያው ነው። አንዱ የሚመቸው ከፍ ብሎ ነው፣ ሌላው ዝቅ ብሎ፤ ቶን ከፍ የሚያደርገውን ማሰሪያ፣ ካፖ ፈልጎ እስኪያስር የሚጠብቀው የለም። ያንን ዘመን ማንም አይመኘውም፤ ሰዓት እላፊው ብዙ ሰው ያለቀሰበት ነው። ግን ያ ሁሉ ከሰው ጋር የመጫወት ሰዓት ኋላ ላይ በኪቦርድና በዲጄ ሲተካ፣ በምትኩ ለወጣቱ ምን አዘጋጀን?

ዛሬ ያንን ዕድል በተወሰነ ደረጃ የሚሰጡት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። በሳምንቱ መሐል ልምምድ አለ፤ እሑድ ጉባኤው ፊት መቆም አለ፤ መሪው ሳይታሰብ ቶን ቢቀይር ተከትሎ መሄድ አለ። ከተማው ውስጥ በስቱዲዮ የምንሰማቸው በርካታ ጊታሪስቶች እጃቸውን ያፍታቱት እዚያ መሆኑን ሙዚቀኛ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍያ የሚያስከፍለው ማሠልጠኛ ታዲያ ተማሪውን ከከበሮ፣ ከቤዝና ከዘፋኝ ጋር የሚያገናኝበት ሰዓት ለምን አይመድብም? መሣሪያዎቹ በየክፍሉ አሉ። ግድግዳ ነው የለያቸው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለኝ ሰው ግምቴን አልደብቅም። በቀን ግማሽ ሰዓት በየቀኑ የሚሠራ፣ ጊታሩ የተስተካከለለት፣ የሚሰማው መምህር ያለው ሰው የጣቱ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ይተወዋል። ሦስትና አራት ኮርድ ያላቸውን ዘፈኖች ምት ሳይሰብር ለመያዝ ሦስት ወር፣ ለአንዳንዱም ስድስት ወር ይበቃዋል። ባሬ የሚይዝ እጅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አራቱን ቅኝቶች በጆሮ ለይቶ ዘፋኝን ማጀብ ግን የሁለትና የሦስት ዓመት ሥራ ነው፤ ባንድ ውስጥ ሰው የሚተማመንበት ጊታሪስት መሆን ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በሳምንት አንድ ቀን ለሚነካው ሰው ይህ ግምት አይሠራም፤ በየሳምንቱ የረሳውን እንደ አዲስ ይጀምራልና። ይህን እውነት የነገረ ማሠልጠኛ ተማሪ ያጣል? ጥቂት ያጣ ይሆናል። በአራተኛው ወር ጊታሩን ቁምሳጥን ላይ ሰቅለው የሚቀሩት ልጆች ግን ያኔ የተነገራቸው በዝቶባቸው ነው የቀሩት ወይስ ያልተነገራቸው?

እናቶችና አባቶች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቁ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ትይዛላችሁ? የልጄን ጊታር ማን ያይላታል? ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ከሌሎች ጋር ትጫወታለች? ሰርተፍኬቱን ከመስጠታችሁ በፊትስ ከዚያ ቀን በፊት ሰምታው የማታውቀው ዘፋኝ በራሱ ቶን አንድ ትዝታ ሲጀምር፣ ልጄ ቶኑን ፈልጋ አግኝታ ታጅበዋለች? በእኛ ፊት ታሳዩናላችሁ?