ከመድረክ የሚሰጥ የእምነት ቃል

እዚህ ቀራንዮ፣ ከእኛ ግቢ ሦስተኛው ቤት የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። ማታ ዜና ተከፍቶ አንድ ባለሥልጣን ስለ ፍትሕ መናገር ሲጀምር «እስቲ ዛሬ ደግሞ ማን አመነ?» ይላሉ። መጀመሪያ የሰማኋቸው ጊዜ ስቄ ነበር። እየቆየ ግን ጥያቄያቸው ስለ ሕግና ፍትሕ ማሻሻያ ከተጻፈው ብዙ ነገር ይልቅ ጉዳዩን በቀጥታ የሚነካ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው ሰውን በጨለማ ቤት ማሰርና መግረፍ ሕገ መንግሥቱ ያላዘዘው፣ መንግሥት ራሱ የፈጸመው የሽብር ተግባር መሆኑን ተናገሩ። ብዙዎቻችን በዚያ ዕለት ጆሯችንን ማመን አቅቶን ነበር። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙና የሕዝብን አመኔታ ስለ መመለስ የሚነገረው ቃል ከዳኝነቱም ወገን ይሰማ ጀመር። በተከታዩ ኅዳር የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ በድብቅ ማሰሪያ ቤቶች የተፈጸመውን ሰቆቃ ለሕዝብ ዘረዘሩ። ከዚያ ወዲህ ተናጋሪዎቹ ተለዋውጠዋል። በጥር 2015 ዓ.ም. አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት የወ/ሮ መዓዛን ቦታ ያዙ። በ2014 ዓ.ም. ፍትሕ ሚኒስቴር የተባለው የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤትም ከዶ/ር ጌዴዎን ጢሞቴዎስ እጅ ወደ ወ/ሮ ሐና አርአያሥላሴ ተላልፏል። የንግግሩ ሐሳብ ግን ያው ነው፤ ችግር እንዳለ ይታመናል፣ ሕዝቡ አለመርካቱ ይታመናል፣ ማሻሻያው መቀጠሉ ይነገራል፣ ይጨበጨባል።

በዚህ መካከል አንድ ልዩነት እንዳለ ልብ ማለት ይገባል። የ2011ዱ የእምነት ቃል ክስ ተከትሎታል፤ የደኅንነትና የሜቴክ ኀላፊዎች ተይዘው ፍርድ ቤት ቆመዋል። ያ ግን ለወደቀው ወገን ጥፋት የተሰጠ የእምነት ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ስለ ራስ ቤት የሚነገረው፣ ክስ ሲያስከትል አይታይም።

አንባብያን እንደምታውቁት በፍርድ ቤት የእምነት ቃል ትልቅ ነገር ነው። ለስድሳ ዓመታት ስንሠራበት በኖርነው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 134 መሠረት፣ ተከሳሹ የተከሰሰበትን ነገር ሙሉ በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ችሎት ፊት የሚያምን ሰው ፍርዱን ይጠብቃል። መድረክ ላይ የሚያምን ሰው ግን በቅንነቱ ይመሰገናል። ያመነበት ነገር ዶሴ አይከፈትለትም፣ ቀጠሮ አይያዝለትም።

የጎረቤቴን ነገር ልጨርስ። ልጃቸው ታስሮ አንድ ዐርብ ቀን ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቀደለት። አባት ገንዘቡን ተሯሩጠው አስያዙ፤ የመፍቻውን ትዕዛዝ ይዘው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። «ከላይ አልተነገረንም» ተባሉ። ሰኞም ያው፣ ማክሰኞም ያው። ዳኛዋ ዳግመኛ ጻፉ፤ ደብዳቤው ደረሰ፤ ልጁ አልወጣም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ማንም ምክንያቱን ሳይነግረው ተለቀቀ። በኋላ ከሰውየው ጋር ቡና ስንጠጣ «ጋሼ፣ ለምን አይከሱም?» አልኋቸው። «አንተ ዶክተር ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፣ ማንን ልክሰስ? ሁሉም እኮ አዘኑልኝ» አሉኝ። የጣቢያው ሰው አዝኖላቸዋል። የፍርድ ቤቱ ሰው አዝኖላቸዋል። ስለ ፍትሕ የሚናገሩትም ሁሉ በቴሌቪዥን አዝነውላቸዋል።

ይህ ደጃፍ የዛሬ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ ሲያዙ ተከሳሹ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ዳግም ተያዙ፤ ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ሕግ ወጣ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አቶ ልደቱ አያሌው ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶላቸው ሳለ ፖሊስ ሳይለቃቸው ሳምንታት አለፉ። በሁለቱ መካከል ሃያ ዓመት ያህል አለ። ሥርዓቱ ተለውጧል፤ የንግግሩ ቋንቋም ተለውጧል። ትዕዛዙን አልፈጽምም ያለው ኀላፊ ማን እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜም፣ በኋላም ከመድረክ በስም ሲነገር አልሰማንም።

ሕግ ጎድሎብን ነው እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 መሠረት ከሕግ ውጭ ሰውን የሚያስር ወይም ነፃነቱን የሚያሳጣ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ይህን ክስ የሚመሠርተው ማን ነው? በፌዴራል ደረጃ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ የፍትሕ ሚኒስትሩ ሠራተኛ ነው። እንግዲህ መድረክ ላይ ወጥቶ «የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሊከበር ይገባል» የሚል ሚኒስትር መምከር ብቻ ሳይሆን መክሰስ የሚችል ሰው ነው። መክሰስ የሚችል ሰው ሲመክር መስማት፣ ለእኔ፣ ከዝምታው የበለጠ ያስጨንቃል።

ለነገሩ የዳኛውና የሚኒስትሩ ንግግር መመሳሰሉ ታሪክ አለው። በድሮው ሥርዓት የዳኞች ሁሉ የበላይ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙም የፍትሑን ሥራ የሰጡት ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበር። ዳኛውም ሚኒስትሩም አንድ አፍ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን አያስነውርም። ዛሬ ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የዳኝነት አካሉን ከማንኛውም የመንግሥት አካል ተጽዕኖ ነፃ አድርጎታል። ታዲያ የተናጋሪውን ስም ሸፍናችሁ ንግግሩን ብቻ ብታነቡ የትኛው የፕሬዚዳንቱ፣ የትኛው የሚኒስትሩ እንደ ሆነ መለየት ትችላላችሁ? ሁለቱም ስለ ዲጂታል አገልግሎት፣ ስለ ሕንፃ፣ ስለ አቅም ግንባታ ይናገራሉ። ከሁሉ በላይ ሁለቱም ስለ «ፍትሕ ተቋማት ቅንጅት» ይናገራሉ። ይህን ቃል በተከሳሽ ጆሮ ስሙት። በወንጀል ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ተከራካሪ ወገን ነው። ከሳሽህና ዳኛህ ተቀናጅተው እንደሚሠሩ በአንድ መድረክ ሲነገርህ ደስ ይልሃል?

የተሠራውን መካድ ነውር ነው። የጸረ ሽብር አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1233 እና 1234 ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከቀድሞው የተሻለ መሠረት ሰጥተዋል። እነዚህን ያረቀቁ ባለሙያዎች ሌት ተቀን የደከሙ ናቸው። ሆኖም የትኛውም አዋጅ ከችሎት ወጥቶ ጣቢያው በር ሲደርስ ለዘበኛው የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ዳኛ የሚናገረው በፍርዱ ነው፤ ከመድረክ ስም እንዲጠራ መጠበቅ ስሕተት ነው» ይሉኛል። ትክክል ናቸው፤ ስለ አንድ መዝገብ ውጤት ዳኛ አደባባይ ወጥቶ ማውራት የለበትም። የተሰጠ ትዕዛዝ የት እንደ ደረሰ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በመስከረም 2017 ዓ.ም. አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ተጠርተው አልቀርብም ባሉት የፖሊስ ተጠባባቂ አዛዥ ላይ የስድስት ወር እስራት ፈረዱ። ወዲያው የዳኛው ጠባቂዎች ተነሡ። የአገሪቱ ዋና ዳኛ ማርታ ኩሜ ዝም አላሉም፤ የጠባቂዎቹን መነሣት በዳኝነት ነፃነት ላይ የተቃጣ አድርገው በይፋ ተቃወሙት። በመጨረሻም አዛዡ ችሎት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ ቅጣቱም ተነሣላቸው። ኬንያ ገነት አይደለችም። ነገር ግን በዚያ መግለጫ ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ ይታወቃል።

የእኛው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየጊዜው ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። ስንት መዝገብ ተከፈተ፣ ስንቱ ተዘጋ፣ ስንቱ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ የሚለው በቁጥር ይነገራል፤ መልካም ነው። በሚቀጥለው ሪፖርት አንድ ሠንጠረዥ ቢጨመር እላለሁ፦ ዋስትና ተፈቅዶ በ48 ሰዓት ውስጥ ያልተፈጸመ ትዕዛዝ ብዛት፣ የጣቢያው ስምና የኀላፊው ስም። ሚኒስትሯም ከእርሳቸው ዘንድ በአንቀጽ 423 በስንቱ ላይ ክስ እንደ ተመሠረተ ከጎኑ ይጻፉበት። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብለው ይጻፉት።